ከማዕድ የተረፈ

በአማርኛ ቋንቋ «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። ገበሬው በየዓመቱ ከጎተራው ሰፍሮ፣ ከቀፎው ቆርጦ፣ ከበረቱ ፈትቶ ለመንግሥት የሚያገባው እህል፣ ማርና ሰንጋ ግብር ይባላል፤ ያው እህል ተፈጭቶና ተጋግሮ፣ ያው ማር ተጥሎ ጠጅ ሆኖ፣ ያው ሰንጋ ታርዶ በንጉሥ አዳራሽ ለመኳንንቱና ለጭፍራው ሲቀርብም ስሙን አይለውጥም፤ ግብር ይባላል። ቃሉን እንዲህ አጣምሮ ያቆየው የጥንቱ ሰው ነገሩን አሳምሮ ያውቀው ነበር ለማለት እደፍራለሁ፤ ከገበሬው እጅ የወጣው እህል ዞሮ ዞሮ ወደ ሰው አፍ መግባቱ አይቀርምና፣ የሚቀረው ጥያቄ ወደ ማን አፍ፣ በስንተኛው ተራ የሚለው ብቻ ነው። የእኔ ነገር ግን ስለ ሁለቱ ግብሮች አይደለም። ግብሩ ገብቶ፣ ግብሩም ተበልቶ ካበቃ በኋላ በመሶቡ ላይ ስለሚቀረው፣ «ትራፊ»፣ «ፍርፋሪ»፣ «ቁራሽ» እየተባለ ስለሚጠራው፣ ታሪክ ጸሐፊ እምብዛም ስለማይቆጥረው፣ ዳሩ ግን በአዲስ አበባ ከተማ የስንቱን ነፍስ ሲያሳድር ስለ ኖረው ምግብ ነው።

ከተማው ሳይቆረቆር አስቀድሞ ሥርዓቱ በገጠር የታወቀ ነበር። አጨዳው አልቆ ነዶው ሲሰበሰብ በማሳው ላይ የቀረውን ዛላ ባልቴቶችና እናት አባት የሌላቸው ልጆች ይለቅሙታል፤ ይህም ቃርሚያ ይባላል፤ የኦሪት ሕግ ለድኻና ለመጻተኛ የተወው፣ ሩትም በቦዔዝ እርሻ ላይ የለቀመችው ይኸው ነው። እህሉ በአውድማ ሲወቃም በዚያ የደረሰ መንገደኛ ወይም የኔ ቢጤ ባዶ እጁን ቢመለስ ነውር ነው፤ የምርቱ በረከት ይሸሻል ተብሎ ይፈራልና። በቤት ውስጥ ደግሞ ባልትና የምታውቅ ሴት ያደረ እንጀራ አትጥልም፤ ዛሬ ያልተበላው ነገ ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም የተረፈው በፀሐይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ሆኖ ለስንቅ ይቀመጣል። አያቴ ቁራሽ እንጀራ መሬት ላይ ወድቆ ያየች እንደ ሆነ አንሥታ፣ አራግፋ፣ ከፍ ካለ ቦታ ታስቀምጠው ነበር፤ እህል ሲረገጥ ያለቅሳል ትለን ነበርና፣ እኛም ልጆቹ ልቅሶውን ለመስማት ጆሮአችንን ወደ መሬት የምናስጠጋበት ጊዜ ነበር።

ነገር ግን የተረፈውን ከደጅ ደጅ እየዞሩ መሰብሰብን ራሱን የቻለ ሥርዓት ያደረገው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ ወደ መንደር የሚወርደው የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል፤ የባለጸጋ ልጅ ቢሆን እንኳ ከዚህ ልመና ነጻ አይሆንም፤ ልመናው ትዕቢትን የሚሰብር፣ ትሕትናን የሚያለማምድ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነውና። የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰቡ የተረፈ ቁራሽ ነው፤ ከአንዱ ቤት የጤፍ፣ ከአንዱ የገብስ፣ ከአንዱ የማሽላ፣ አንዱ ትኩስ፣ አንዱ ሻግቶ ያደረ። ተማሪው ሁሉን በአንድ አኩፋዳ ቀላቅሎ ወደ ጎጆው ይመለስና፣ ታሞ መውጣት ላልቻለው ባልንጀራው ከፍሎ፣ የቀረውን አስጥቶ ለክፉ ቀን ያኖረዋል። የዛሬ ሰዎች በከተማ ትራፊ ምግብን ሰብስቦ፣ ለይቶ፣ አቆይቶ ማከፋፈልን ከባሕር ማዶ እንደ መጣ አዲስ ብልሃት ሲያወሩ በሰማሁ ቍጥር ያ አኩፋዳ ትዝ ይለኛል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ ስትቆረቆር ዛሬ በምንሰጠው ትርጓሜ ከተማ አልነበረችም፤ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ እያንዳንዱ መኰንን ከነጭፍራው ድንኳኑን የተከለባት ታላቅ ሰፈር ነበረች እንጂ። እንዲህ ያለ ሰፈር አያርስም፣ አያጭድም፤ የሚበላው ከሩቅ አገር በግብር ተጭኖ የሚመጣለትን ነው። ስለዚህ ግቢው የመንግሥት መቀመጫ ብቻ ሳይሆን የከተማይቱ ማድ ቤትም ሆነ። እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና ሥጋ ቤቱ እያንዳንዱ በሹሙ ይተዳደር ነበር፤ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ለትውልድ አቆይተዋል። ከመንፈቀ ሌሊት ጀምሮ በወፍጮ ላይ የሚያጎነብሱት ሴቶች ግን ድካማቸው እንጂ ስማቸው ከአዳራሹ አልደረሰም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ያሠሩት ታላቁ የግብር አዳራሽ በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚያስተናግድ ነበር። በሰንበትና በዐበይት በዓላት ንጉሠ ነገሥቱ አስቀድመው በመጋረጃ ውስጥ ከቅርብ መኳንንቶቻቸው ጋር ይመገባሉ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ሹማምንቱ በአጋፋሪው እየተመሩ እንደ ማዕርጋቸው ይገባሉ፤ እነዚያ በልተው ሲነሡ የበታቾቻቸው፣ የበታቾቹ ሲነሡ ተራው ወታደር፣ አንዱ ክፍል በወጣ ቍጥር ሌላው እየተተካ አዳራሹ ሲሞላና ሲጎድል ይውላል። ብርንዶው በእንጨት ተንጠልጥሎ በአሽከሮች ትከሻ በረድፉ መካከል ያልፋል፤ ተጋባዡም በካራው የወደደውን ይቆርጣል፤ ጠጁ ለላይኛው በብርሌ፣ ለታችኛው በቀንድ ዋንጫ ይታደላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው ነገር አለ። መኰንኑ ያልጨረሰውን አሽከሩ ይበላዋል፤ ከጌታው ኋላ ቆሞ የሚያሳልፈው ብላቴና ጌታው ጠቅልሎ የሚሰጠውን ጉርሻ እንደ ሽልማት ይቀበላል፤ የፊተኛው ክፍል ትራፊ ለኋለኛው ክፍል ማዕድ ነው፤ ከሁሉ በኋላ መሶቡ ሲነሣ በላዩ የቀረው ወደ ደጅ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ለተኰለኰለው ምስኪን ይታደላል፤ ከዚያም ያለፈው አጥንት የውሻና የጅብ ድርሻ ነው። ይህን ርኅራኄ ብሎ የሚጠራው ካለ ይጥራው፤ እኔ ግን ተራ እለዋለሁ እንጂ ርኅራኄ አልለውም፤ በሩ ላይ የቆመው ድኻ የሚደርሰው ስለ ተራበ ሳይሆን ከሁሉ በታች ስለሆነ፣ በመጨረሻውም ተራ ስለ ተመደበ ነውና፤ ያን እህል ያገባው ገባርም በሩቅ አገር ጦሙን አድሮ ይሆናል። ሆኖም ለዚህ ሥርዓት የማልነፍገው አንድ ምስጋና አለኝ። ሰንጋው ሳይታረድ ትራፊው የማን እንደሚሆን የታወቀ ነበር፤ ዋጋም የሚጠይቅበት አልነበረም፤ የሚበላውም ሰው አያፍርበትም ነበር፤ በዚያ አዳራሽ ከንጉሡና ከጥቂት መኳንንት በቀር የሰው ትራፊ ያልበላ አልነበረምና።

የሥርዓቱ ድካም ግን በጥጋብ ዘመን እንጂ በችጋር ዘመን አለመሥራቱ ነው። ለዚህም ከማናቸውም ሐተታ ይልቅ የሁለት ተከታታይ ዓመታት ታሪክ ይበቃል። በ1880 ዓ.ም. መባቻ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ሲከበር እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ድግስ ከወጡ ብዛት፣ ከጠጁም ብዛት የተነሣ እስከ ዛሬ ይወራል፤ ለዚያ ለአንድ በዓል ብቻ የታረደው ከብት፣ በግና ፍየል ከ5000 በላይ እንደ ነበረ ተጽፏል። ያ ድግስ ሲደገስ ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር የመጣው የከብት በሽታ ገና ወደዚህ አልደረሰም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ መሐል አገር ወርዶ በሬውንም ላሙንም ፈጀው፤ አራሹ በሬ ሲያጣ እርሻው ጦም አደረ፤ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከተሉ፤ ሕዝቡም ያን ዘመን ክፉ ቀን ብሎ ሰየመው። ምኒልክ የመንግሥቱን ጎተራ ከፍተው እህል አስታደሉ፤ ራሳቸውም ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ያለ በሬ ማረስ ነውር አለመሆኑን ለመኳንንቱ አሳዩ። ከመሶብ ላይ የሚበተን ፍርፋሪ በዚያን ጊዜ ማንን ያድን ነበር? ትራፊ የሚኖረው የጠገበ ሲኖር ነው፤ ጠጋቢው ሲጠፋ በበሩ ላይ የቆመው ድኻ ተራ አብሮ ይጠፋል።

ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ለከተማው ድኻ የቀረበው፣ ዕድሜውም የረዘመው ሌላው ማዕድ የቤተ ክርስቲያን ነው። ወንጌል አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ተሰብስቦ የተነሣውን ፍርፋሪ መሶቡን ቈጥሮ 12 ብሎ መጻፉ፣ ሊቃውንቱም ያን ቍጥር በየዓመቱ ማመሥጠራቸው፣ የባለጸጋው የነዌና ከደጁ ወድቆ ፍርፋሪ የተመኘው የአልዓዛር ታሪክ በየዐውደ ምሕረቱ መሰበኩ፣ እንዲሁም በላዔ ሰብእ ስለ እመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ መዳኑ በየካቲት 16 መነበቡ፣ በአማኙ ልብ ትራፊ የሚባለውን ነገር ከንቀት አንሥቶ የጽድቅ መሣሪያ አደረገው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ነዳይ የራሱ የዘመን መቍጠሪያ አለው። በ5 ወደ አቦ፣ በ7 ወደ ሥላሴ፣ በ12 ወደ ሚካኤል፣ በ16 ወደ ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ወደ ገብርኤል፣ በ21 ወደ ማርያም፣ በ23 ወደ ጊዮርጊስ፣ በ27 ወደ መድኃኔ ዓለም ይሄዳል፤ በሰንበት ደግሞ ቅዳሴው ሲያልቅ ሰንበቴተኞች በቅጥሩ ውስጥ ዳቦውን ቈርሰው፣ ጠላውን ቀድተው፣ ካህኑ ባርኮ ከቀመሱ በኋላ የተረፈውን ያካፍሉታል። ይህን ቍጥር የማያስት ዓይነ ስውር ለማኝ አውቃለሁ፤ ዕለቱን ረስቼ በጠየቅሁት ጊዜ ከነበዓሉና ከነቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ነገረኝ፤ የትኛው ደብር ሰንበቴው ሰፋ ያለ እንደ ሆነም ሳልጠይቀው ጨመረልኝ። በዐቢይ ጾም ዝክሩ ሲሳሳ እርሱም ይከሳል፤ በትንሣኤ ሳምንት ደግሞ መብላት ከሚችለው በላይ ያገኛል፤ የሆዱ ወራት እንደ ባሕረ ሐሳብ የሚቈጠር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ተዝካር ነበር። ሟቹ ባረፈ በ40 ቀኑ፣ ደግሞም በሙት ዓመቱ፣ ዳስ ተጥሎ፣ በሬ ታርዶ፣ ጠላው በጋን ተጠምቆ ካህናቱና ዘመድ ወዳጁ ሲጠሩ ከአጥሩ ውጭ የሚሰለፈው ነዳይ ያልተጠራ እንግዳ አልነበረም፤ የተዝካሩ ፍሬ የእርሱ መብላት ነውና፤ እርሱ ያልበላበት ተዝካር ለነፍሱ አይደርስም ይባላል። በከተማ እድር ሲስፋፋ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና ሳሕኑ የማኅበር ንብረት ሆነ፤ የእድርተኛ ሚስቶችም እንጀራ በመሶብ ተሸክመው ወደ ኀዘን ቤት ሲጎርፉ፣ በሦስተኛው ቀን የማይበላ የእንጀራ ክምር ይቀራል፤ እርሱም በጨርቅ እየተቋጠረ ወደ ደጀ ሰላሙ ይላካል። ስለ ሥልጣኔ የሚቆረቈሩ ብዙ ጸሐፊዎች ተዝካር ሰውን በዕዳ የሚዘፍቅ፣ የሙት ልጆችን ርስት የሚያሸጥ ብኩንነት ነው እያሉ በብርቱ ነቅፈዋል፤ እውነታቸውንም ነው፤ ለአንድ ቀን ድግስ ሲሉ መሬታቸውን በወለድ አግድ ያስያዙ ቤተሰቦችን ማን አላየም? ይሁን እንጂ ከነዚያ ነቃፊዎች መካከል ተዝካሩ የቀረ ዕለት ከአጥሩ ውጭ ተሰልፎ የነበረው ሰው ምሳውን ከወዴት እንደሚያገኝ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ወደ ዋናው ማጠፊያ የደረስን ይመስለኛል። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፣ ለእንግዳ የቀረበ እህል ገንዘብ ይከፈልበታል ማለት ለአዲስ አበባ ሰው የማይታመን ነውር ሆኖበት ነበር ይባላል። ሲነገር እንደሚሰማው፣ ሰዉ ይህን ልማድ ይለምድ ዘንድ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ገብተው ከበሉ በኋላ ሒሳባቸውን ከፈሉ። ወሬው ተረት ቢሆን እንኳ ጥሩ ተረት ነው፤ ሺህ ሰው በነጻ ያበላ የነበረ እጅ ለአንድ ሳሕን ሲከፍል ያሳያልና። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤቱ እየበዛ ሄደ፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ፓስታውና መኮሮኒው ተጨመረ፤ ከነጻነት በኋላም ትላልቅ ሆቴሎች፣ የትምህርት ቤትና የጦር ሠራዊት መመገቢያ አዳራሾች ተከተሉ። የቀድሞው ትራፊ በተራ ወርዶ ወርዶ እስከ ደጅ የሚደርስ ነበር፤ የሆቴሉ ትራፊ ግን ከጠረጴዛው በቀጥታ ወደ ጓሮ በርሜል ይገለበጣል፤ የሚበላውም ሰውና የሚያስተርፈው ሰው ከቶ አይተያዩም።

የግቢው ግብርም ከምኒልክ በኋላ እየቀነሰ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የበዓል ሥርዓት ብቻ እየሆነ ሄደ፤ ወታደሩም በቀለብ ፈንታ በወር ደመወዝ ይተዳደር ጀመር። የግብሩ መጨረሻ ግን የመጣው በአዳራሽ ሳይሆን በቴሌቪዥን ነው። የወሎን ችጋር እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣውን ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ሥዕል ጋር እያፈራረቀ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ለሕዝብ አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለዘመናት የንጉሥ ክብር መለኪያ ሆኖ የኖረ ማዕድ በአንድ ምሽት የክስ ማስረጃ ሆነ። ነገር ግን ከሳሹም ከዐሥር ዓመት በላይ አልታገሠም፤ በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍና ግብዣ ሲከበር፣ ወሎና ትግራይ ዳግመኛ በረሃብ ያልቁ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ፊልም ያሳየ የለም፤ ፊልሙ ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ።

በዚህ መካከል በአዲስ አበባ ጓሮዎች አንድ አዲስ ንግድ አድጓል፤ ስሙም ቡሌ ነው። ከሆቴሎችና ከተማሪ መመገቢያ ቤቶች የተረፈው እንጀራ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦና ቅንጥብጣቢ ሥጋ በርሜልና ከረጢት ውስጥ ተቀላቅሎ ይወጣል፤ ነጋዴው ገዝቶት፣ ለጎዳና ልጆች፣ ለተሸካሚዎችና ለቀን ሠራተኞች በጭልፋ ይቸረችረዋል። ሐኪሞች በሽታ ያመጣል ይሉታል፤ ሙቀት ካገኘው ማደሩ መርዝ ነውና ትክክል ይላሉ። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ዋጋው ነው። ትራፊ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ድኻም ከጥንት ጀምሮ ይበላው ነበር፤ ድኻው ትራፊውን በገንዘቡ የሚገዛው ግን በእኛ ዘመን ነው፤ አንድ ጊዜ ባለጸጋው የከፈለበትን እህል ሁለተኛ ጊዜ የሚከፍልበት ያ የተራበው ሰው ነው። በጣይቱ ሆቴል የተጀመረው ሒሳብ በቡሌ በርሜል ተደመደመ።

እውነት ነው፣ ዋጋ የማይጠየቅበት ማዕድም አልጠፋም። ሠርጋቸውን፣ የልደት በዓላቸውን ወይም የወላጆቻቸውን ተዝካር ሜቄዶንያን በመሰሉ የአረጋውያንና የሕሙማን መጠለያዎች የሚያከብሩ ቤተሰቦች በርክተዋል፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሥራ ባስፈታ ጊዜ «ማዕድ ማጋራት» በሚል ስም ጎረቤት ለጎረቤቱ ዱቄትና ዘይት ያዋጣ ነበር፤ ከተማውም ድኾች የሚመገቡባቸው ማዕከሎች ከፍቷል። ልብ ብዬ ሳየው በነዚህ ሁሉ ውስጥ የድሮው ተዝካር ድምፅ ይሰማኛል፤ ዳሱ በቆርቆሮ፣ ጋኑ በብረት ድስት ተለውጧል እንጂ።

የምኒልክ አዳራሽም በዚያው በ2012 ዓ.ም. ታድሶ ለጎብኚ ተከፍቷል፤ ዛሬ የሚገባበት ሰው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ አዳራሹን አይቶ ይወጣል እንጂ የሚቀምሰው የለም። እኔም ካየሁት በኋላ፣ በማግሥቱ ማለዳ ቡሌ የሚሸጥበት አንድ ጥግ ቆሜ ነበር። ሻጩ በርሜሉን ከመክፈቱ በፊት ገዢዎቹን በጩኸት ያሰልፋቸዋል። ፊት የቆሙት፣ ብር ይዘው የመጡት ተሸካሚዎች፣ ከላይ የተንሳፈፈውን ሥጋ በጭልፋ ይቀበላሉ፤ ቀጥለው ያሉት ሩዙንና እንጀራውን፤ ሳንቲም ብቻ የያዙት ትንንሾቹ ልጆች ከታች የቀረውን ውሃ ያለበትን። ሰልፉ ሲያልቅ አንድ ውሻ መጥቶ በርሜሉን አሸተተ፤ ሻጩም ከጭልፋው ላይ የቀረውን አንድ አጥንት ወረወረለት።